ላስቲክ፣ ዳምቤል፣ ማሽን ወይስ ባርቤል? በማረጥ ዕድሜ የጡንቻ ስፖርት አመራረጥ

ሚዛን ላይ ስትወጪ ኪሎሽ ያው ነው። ሱሪሽ ግን ወገብ ላይ ጠብቦሻል፤ ጭን ላይ ሰፍቶሻል። ድሮ በአንድ እጅሽ አንጠልጥለሽ ፎቅ ትወጪበት የነበረው ዕቃ አሁን ደረጃው መሃል ላይ ያሳርፍሻል። መሬት ተቀምጠሽ ስትነሺ፣ ሳታስቢው እጅሽ የሚደገፈው ነገር ይፈልጋል። ብዙዎቻችን «ዕድሜ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

ዕድሜ ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ የማንኛውም ሰው ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። በሴቶች ላይ ግን ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚወርድበት ጊዜ ይጨመርበታል። ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። አብዛኞቻችን ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ እንደርስበታለን። ለውጡ ግን ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው ስዋን የተባለው ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በእነዚያ የሽግግር ዓመታት ስብ በፍጥነት ይጨምራል፣ ጡንቻ ይቀንሳል። ሚዛኑ ሁለቱን ደምሮ ስለሚያነብ ምንም የተፈጠረ አይመስልም። አጥንት ደግሞ ከመጨረሻው የወር አበባ 1 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በፍጥነት መሳሳት ይጀምራል። ይህ ፍጥነት የወር አበባ ከቆመ በኋላም 2 ዓመት ያህል ይቀጥላል።

ስለዚህ የጡንቻ ስፖርት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው አያከራክርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይመክራል። ግራ የሚያጋባው ምርጫው ነው። አንዷ ጓደኛሽ ላስቲክ (እየተለጠጠ የሚሠራበት የስፖርት ማሰሪያ) ትልሻለች፣ ሌላዋ ጂም ግቢ ትልሻለች፣ ሌላዋ ደግሞ ፒላቴስ (ምንጣፍ ላይ በዝግታ የሚሠራው ስፖርት) ሕይወቴን ለወጠው ትላለች። ሁሉም ስለራሳቸው እውነታቸውን ነው። ለአንቺ የትኛው ይሆናል የሚለውን ግን ሌላ ነገር ነው የሚወስነው።

ጡንቻ አይመርጥም፣ አጥንት ይመርጣል

ይህን አስቀድመሽ ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ጡንቻ ምን እንደያዝሽ አያውቅም። የሚያውቀው መድከሙን ነው። ቀላል ክብደት ይዘሽ 25 ጊዜ ብታነሺ ወይም ከባድ ይዘሽ 8 ጊዜ ብታነሺ፣ በሁለቱም «ከዚህ በላይ ሁለት ብቻ ነው የሚቀረኝ» እስክትይ ድረስ ከሠራሽ ጡንቻሽ በተቀራራቢ ልክ ያድጋል። ጥንካሬ፣ ማለትም ከባድ ነገር የማንሳት አቅም፣ በከባዱ ይበልጥ ይጨምራል። ለጡንቻው መጠን ግን ላስቲክም፣ ዳምቤልም (በአንድ እጅ የሚያዝ ክብደት)፣ የራስሽ ሰውነትም ይሆናል። ሳይደክምሽ ከተውሽው ደግሞ የትኛውም አይሆንም።

አጥንት እንደዚያ አይደለም። አጥንት የሚጠነክረው ከለመደው በላይ የሆነ ከባድ ጫና ሲያርፍበት፣ ወይም እንደ ዝላይ ድንገት የሚመጣ ጫና ሲያገኘው ነው። ቀላል ክብደት መቶ ጊዜ ብታነሺ አጥንትሽ እምብዛም አይሰማውም።

ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ስጋትሽን ለዪ። እናትሽ ወይም አባትሽ ዳሌያቸውን ተሰብረው ከነበረ፣ ከ45 ዓመትሽ በፊት አርጠሽ ከሆነ፣ የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት ወስደሽ ከሆነ፣ ሲጋራ የምታጨሺ ወይም በጣም ቀጭን ከሆንሽ የአጥንት ጉዳይ ያንቺም ጉዳይ ነው። ዴክሳ የሚባለውን የአጥንት ምርመራ ይሰጡኝ ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ምርጫሽም ወደ ከባዱ ማድላት አለበት። ስጋትሽ ጡንቻና አቅም ብቻ ከሆነ ግን እጅሽ ላይ ባለው ነገር ዛሬ መጀመር ትችያለሽ።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ይህ የመረጥሽው ነገር ከ6 ወር በኋላ ሊከብድልሽ ይችላል? ሰውነት ቶሎ ይለምዳል። ጥር ላይ ያደከመሽ ነገር ሚያዝያ ላይ አያደክምሽም። መሣሪያው ካንቺ ጋር ማደግ ካልቻለ፣ ከዚያ በኋላ የምትሠሪው ያለውን መጠበቅ ነው እንጂ መጨመር አይደለም።

በእግር መሄድ፣ ዮጋ፣ ፒላቴስ

በእግር መሄድ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ፣ ለስሜት ጥሩ ነው። እንዳትተዪው። ጡንቻ ግን አይገነባም፤ ከላይኛው የሰውነት ክፍል ጋርም ብዙ ግንኙነት የለውም። ዋናና ብስክሌት መገጣጠሚያን ያሳርፋሉ። ውኃውና ኮርቻው ክብደትሽን ስለሚሸከሙልሽ ግን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጫና የለም ማለት ይቻላል። ዮጋና ፒላቴስ ለሚዛን፣ ለመተጣጠፍና ለሆድ ጡንቻ ይረዳሉ። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ጥንካሬም ይጨምራሉ፤ ከዚያ ግን ቶሎ ጣሪያቸው ላይ ይደርሳሉ። እነዚህን ከጡንቻ ስፖርት ጎን ለጎን ያዢ፣ በምትኩ ግን አይሁኑ።

የራስ ሰውነት እና ላስቲክ

ምንም ሳይኖርሽ መጀመር ከፈለግሽ ወንበርና ግድግዳ ይበቃሻል። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ ደረጃ ላይ በአንድ እግር መውጣት። ሲቀልሽ ፑሽ አፑን ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መሬት ታወርጂዋለሽ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ 3 ሰከንድ ያህል ቀስ ብለሽ ውረጂ። መጽሐፍ የሞላ ቦርሳ ደረትሽ ላይ ያዢ። ይህ ሁሉ ያከብደዋል።

የራስ ሰውነት ትልቁ ጉድለት መሳብ አለመኖሩ ነው። ወደ ፊት የሚገፋ ብዙ አለ፤ ወደ ራስሽ የሚጎተት ግን የለም። የላይኛው ጀርባ ጡንቻ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ትከሻችን ወደ ፊት እንዳይጎብጥ የሚይዘን እሱ ነው። ላስቲክ እዚህ ላይ ይደርስልሻል። በር ላይ አሥረሽ ትጎትቺዋለሽ። ሲጀመር ቀላል፣ ሲለጠጥ ከባድ ስለሆነ መገጣጠሚያ ላይ አይጨክንም። ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ችግሩ ግን ስንት ኪሎ እንደጎተትሽ አታውቂም። የአንዱ አምራች ቀይ የሌላው ሰማያዊ ነው። ቆመሽ አንድ እርምጃ ብትርቂ ይከብዳል፣ ብትቀርቢ ይቀላል። ስለዚህ መጨመርሽን ለማወቅ ያስቸግራል። እግርና ዳሌ ደግሞ በጣም ጠንካራ ስለሆኑ ላስቲኩ ቶሎ ያንሳቸዋል። ላስቲክ ያረጃልም፤ መሰንጠቅ አለመጀመሩን ሳታዪ ወደ ፊትሽ አቅጣጫ አትሳቢው። ለላቴክስ አለርጂ ካለሽ ላቴክስ የሌለበትን ፈልጊ።

እኔ ራሴ በላስቲክ ነው የጀመርኩት፣ አልጸጸትም። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጥሩ ነው። ለጀርባና ለትከሻ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ለእግር ግን አይበቃም።

ዳምቤል

አንድ ነገር ብቻ ምረጪልኝ የምትለኝ ሴት ካለች፣ መልሴ ዳምቤል ነው። ቁጥሩ ተጽፎበታል። 6 ኪሎ ዛሬም ነገም 6 ኪሎ ነው። መሻሻልሽን በዓይንሽ ታያለሽ፤ ይህም ነው ብዙዎቻችንን እንዳናቋርጥ የሚያደርገን። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ስለሚሸከም ሚዛን መጠበቅም ትለማመጃለሽ። ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ለእግር፣ ለጀርባ፣ ለደረት፣ ለትከሻ፣ ለሁሉም ይሠራል።

ስህተቱ ያለው ግዢው ላይ ነው። ሴቶች ስንገዛ አንድ ወይም ሁለት ኪሎዋን እናነሳለን። ብዙ ጊዜ በየቀኑ የምንይዘው የእጅ ቦርሳ ከእሷ ይበልጣል። በእሷ ሁለት ዓመት ብትሠሪ እግርሽ መኖሯን አያውቅም። አሠራሩን በትክክል ይዘሽ 10 ጊዜ የምታነሺው፣ 14 ጊዜ ግን የማታነሺው ክብደት ነው ላንቺ የሚሆነው። ይህ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተለየ ነው። ለትከሻ 3 ወይም 4 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ ለመነሳት ግን በየእጅሽ 8 ኪሎም ሊያንስሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥንድ አይበቃም። ሦስት ጥንድ፣ ወይም ክብደቱ የሚቀያየር አንድ ጥንድ ያዢ።

ሌላ የማይነገር ነገር አለ። ከ4 ኪሎ ወደ 6 ስትዘይ የጨመርሽው 2 ኪሎ ብቻ ይመስላል። ለትከሻሽ ግን የነበረውን ግማሽ ነው የጨመርሽበት። ብዙ ሴቶች ትከሻቸውን የሚያማቸው እዚህ ላይ ነው። ከመዝለልሽ በፊት በ4ቱ እስከ 15 ድግግሞሽ ድረሺ። በሁለት ተከታታይ የስፖርት ቀኖችሽ 15 ስትሞዪ ወደ 6 ሂጂ፣ ድግግሞሹን ወደ 8 መልሺው።

ዳምቤልም ጣሪያ አለው። እግርሽ ገና አቅም እያለው እጅሽ መጨበጥ ያቅተዋል። አጥንትሽ የሚያሰጋሽ ከሆነ ከሚቀጥሉት ሁለቱ አንዱን የምታስቢበት ጊዜ ያኔ ነው።

ማሽን

ብዙ ሰው «ማሽን ለሰነፍ ነው» ይላል። አልስማማም። ማሽን መንገዱን ራሱ ስለሚይዝልሽ አሠራር ለመማር ወራት አይፈጅም፤ ሚዛንሽ ቢከዳሽም አትወድቂም። እስኪደክምሽ ድረስ ገፍተሽ፣ ሲያቅትሽ ዝም ብለሽ መልቀቅ ትችያለሽ። ክብደቱም በትንሽ በትንሹ ይጨምራል።

በ1990 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸውን በእንክብካቤ ተቋም የሚኖሩ አዛውንቶች ለ8 ሳምንት በእግር ከባድ ክብደት አሠሯቸው። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ50 ዓመቷ «አሁንማ አለፈኝ» ለምትል ሴት ሁሌ የምነግራት ይህን ነው።

ማሽን የሚጎድለው ሚዛን አለማስተማሩ ነው። ወንበሩም ቁመትሽን ላይመጥን ይችላል። አጭር ከሆንሽ ወይም ረጅም ከሆንሽ ከማንሳትሽ በፊት ወንበሩንና መደገፊያውን አስተካክዪ፤ ጉልበትሽ ከማሽኑ መታጠፊያ ጋር ትይዩ ይሁን። ከጂሙ ሳትወጪ 5 ደቂቃ በአንድ እግር መቆም ብትለማመጂ ጉድለቱን ትሞያለሽ።

ባርቤል ከአሰልጣኝ ጋር

ባርቤል ሁለት ጫፉ ላይ ክብደት የሚገጠምበት ረጅም ብረት ነው። ለአጥንት ጠንካራው ማስረጃ ያለው እዚህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሊፍትሞር የተባለ ጥናት አለ። አጥንታቸው የሳሳ፣ ያረጡ 101 ሴቶች ተሳትፈውበታል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 65 ነበር። ግማሾቹ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ ብቻ፣ ለ8 ወር በአሰልጣኝ ሥር ሠሩ። ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት ማንሳት)፣ ስኳት (ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ከራስ በላይ መግፋት፣ እና ዘሎ ማረፍ። እያንዳንዱ ክብደት 5 ዙር፣ በዙር 5 ድግግሞሽ፣ ከከፍተኛ አቅማቸው ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ክብደት። የቀሩት ቤታቸው ውስጥ ቀላል ስፖርት ሠሩ። የባርቤሎቹ የወገብ አጥንት ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ። ቀላሉን የሠሩት 1.2 በመቶ ቀነሰባቸው። በከባዱ ቡድን የደረሰው ጉዳት ከቀላል የወገብ መያዝ አላለፈም።

ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ተለውጦብኛል። ለዓመታት «አጥንትሽ ሳስቷል፣ ከባድ አታንሺ» ሲባሉ የኖሩ ሴቶች ናቸው እነዚህ። ግን አንድ ነገር እንዳያመልጥሽ፦ ሁሉም ነገር በአሰልጣኝ ዓይን ሥር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በቀላል ክብደት አሠራሩን የተማሩበት ነበር። ይህን ከቪዲዮ አይተሽ ብቻሽን አትጀምሪው።

አሰልጣኝ ስትመርጪ የመጀመሪያውን ቀን ተመልከቺ። ጥሩው አሰልጣኝ ክብደት ከመስጠቱ በፊት ስለ ሕመምሽ፣ ስለ ስብራትሽ፣ ስለ መድኃኒትሽ ይጠይቃል። የሠራሽውን ይጽፋል። «እዚህ ጋ አመመኝ» ስትዪው እንቅስቃሴውን ይቀይራል እንጂ «ቻዪው» አይልም። ማረጥ የሚለውን ቃል ስታነሺ የሚያፍር ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

ሰውነትሽ ምርጫውን የሚቀይርበት ጊዜ

ትከሻ የሚደርቅበትና እጅ ወደ ላይ የማይነሳበት ሕመም ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። ይህ ከያዘሽ ከራስ በላይ መግፋትን ለጊዜው ተዪው፤ እግርና ጀርባሽን ቀጥዪ። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ስኳትን ወደ ወንበር አሳጥሪው። እስከማያምሽ ድረስ ብቻ ውረጂ። የጉልበት ሕመም ካላቸው ብዙዎቹ የጭን ጡንቻቸው ሲጠነክር ይሻላቸዋል እንጂ አይብስባቸውም።

ስታስነጥሺ ወይም ስትዘይ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ብቻሽን አይደለሽም፤ ዝምታው ግን ይጎዳል። ፊኛንና ማህፀንን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች ደክመዋል ማለት ነው። ስታነሺ ትንፋሽሽን አትያዢ፤ በምታነሺበት ቅጽበት አስወጪው። ዝላዩን ለጊዜው አቆዪው። እነዚህን ጡንቻዎች የሚያሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብታገኚ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት እሱን አስቀድሚ። ወደ ታች የሚጫን ስሜት ካለሽም እንዲሁ።

የአከርካሪ አጥንትሽ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ከነበረ፣ ጀርባሽን አጉብጠሽ ክብደት አታንሺ፤ በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ የመነሳት የሆድ ስፖርትም ይቅርብሽ። የደም ግፊትሽ በመድኃኒት ካልተስተካከለ፣ ደረትሽን የሚያምሽ ወይም የሚያዞርሽ ከሆነ፣ ወይም አርጠሽ ካበቃሽ በኋላ ደም ከታየሽ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ድንገት እየነደደ ላብ በላብ የሚያደርግሽ ሙቀት ስፖርት እንዳትሠሪ እያደረገሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሚ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ላይ በሳምንት 3 ጊዜ ለ15 ሳምንት ክብደት ያነሱ ያረጡ ሴቶች መካከለኛና ከባዱ የሙቀት ስሜት በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ላልሠሩት አልቀነሰም።

ስንት ቀን፣ ስንት ዙር

2 ቀን ይበቃል። 3 ቢሆን ትንሽ ይሻላል፤ ግን በ3 ጀምሮ ከወር በኋላ ከማቆም በ2 ቀን ለዓመታት መቆየት ይበልጣል። በእያንዳንዱ የስፖርት ቀን መቀመጥና መነሳት፣ ጎንበስ ብሎ ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ እና ከባድ ይዞ መሄድ ይኑርበት። ለእያንዳንዱ 2 ወይም 3 ዙር። በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ ያህል እረፊ፤ ማረፉ ስንፍና አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት የሚጨምረው ጥንካሬ በአብዛኛው ነርቭሽ ጡንቻን ማዘዝ ስለተማረ ነው። መስታወት ላይ የሚታይ ለውጥ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ደግሞ ከጡንቻ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚለምደው። ስለዚህ «ቀለለኝ» ስትዪ እንኳ በአንዴ ብዙ አትጨምሪ።

ፕሮቲን ካላገኘ ጡንቻው የሚሠራበት ነገር የለውም። ክብደት ለምታነሳ በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ቢያንስ ከ1.2 ግራም ጀምሮ ማሰብ ይሻላል። 65 ኪሎ ከሆንሽ 78 ግራም ነው። ሁሉንም ማታ ከመብላት በየማዕዱ 25 ግራም ያህል መከፋፈል ይመረጣል። የኩላሊት ሕመም ካለሽ ግን ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትጨምሪ። ክሪያቲን የሚባለው የስፖርተኞች ማሟያ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ከክብደት ሥራ ጋር ሲወሰድ ለጥንካሬ ትንሽ ይረዳል። የአጥንት ጥግግት ይጨምራል ተብሎ ሲሸጥ ግን አትመኚ፤ ያረጡ ሴቶች ለ2 ዓመት በወሰዱበት ጥናት አልጨመረም።

ስለ ሆርሞን ሕክምና ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ለአጥንትና ለሙቀቱ ስሜት በደንብ ይሠራል። በጡንቻ ላይ ያለው ውጤት ግን ትንሽና ወጥ ያልሆነ ነው። እየወሰድሽ ከሆነ ቀጥዪ፤ ክብደቱን ግን አይተካልሽም።

መሣሪያው እየሠራልሽ መሆኑን ማወቂያ

ዛሬ ከመጀመርሽ በፊት ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመሽ እንደምትቀመጪ ቁጠሪና ደብተር ላይ ከነቀኑ ጻፊው። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ12 በታች ከአማካይ ያነሰ ነው ተብሎ ይያዛል፤ በ50ዎቹ ያለሽ ከሆነ ከዚያ በላይ ጠብቂ። 5 ጊዜ ብቻ ለመነሳት ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደብሽ ይህን ቁጥር ይዘሽ ሐኪም ጋ ቅረቢ፤ የጡንቻ ድክመት መለኪያ ነው።

ከ3 ወር በኋላ በዚያው ወንበር ድገሚው። ቁጥሩ ከጨመረ ምርጫሽ ልክ ነው፣ አትቀይሪው። ካልተንቀሳቀሰ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጠሽ የያዝሽውን ክብደት ተመልከቺ። በ3 ወር ውስጥ ካልከበደ በዚያው መሣሪያ መጨመር ትችይ እንደሆነ መጀመሪያ ሞክሪ፤ ካልቻልሽ ከላስቲክ ወደ ዳምቤል፣ ከዳምቤል ወደ ማሽን ወይም ባርቤል ተሸጋገሪ።